ቃል የሚይዝ ልቡና፤ የአንድ መሪጌታና የአንዲት ሐኪም ምልልስ

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ፥ በሀገር ቤት ሳሉ እያስተማሩ ያሳደጉት፥ ኋላም ወደ አሜሪካ መጥቶ በዲቁና የሚያገለግለው የወንድማቸው ልጅ፥ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በያዘው የሚጥል በሽታ ምክንያት አንጎሉን በቀዶ ጥገና እንዲታከም በሐኪሞች ስለ ተመከረ፥ በልጅነቷ ፊደል ያስቈጠሯትን፥ ዛሬ ግን የነርቭ ሐኪም የሆነችውን ሴት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ጠርተው በልባቸው የከበደውን ጠየቋት። ነገሩ የብዙ ቤተ ሰብ ነገር ነውና ምልልሳቸው እንደሚከተለው ተጽፏል።

መሪጌታ፦ ልጄ፥ እኔ ይህን ልጅ ያሳደግሁት በቃል ነው። ዳዊቱን ገና በሕፃንነቱ ደገመ፤ ዋሸራ ወርዶ ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ያለውን የቅኔ ሥርዐት ተማረ፤ ዛሬም በማኅሌት ላይ አንድ ባለቅኔ መወድስ ሲያበረክት፥ እኔ ከዕድሜዬ የተነሣ ግማሹ ሲያመልጠኝ፥ እሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውን ማታ እራት ስንበላ ቤት በቤት ሳያዛንፍ ይነግረኛል፥ ሰሙን ከወርቁ እየለየንም እናመሻለን። አሁን ሐኪሞቹ ከግራ ጆሮው በላይ በውስጥ ካለው የአንጎሉ ክፍል ጥቂት ቈርጠን እናወጣለን አሉት፤ በሰጡትም ወረቀት ላይ የማስታወስ ችሎታው ሊቀንስ ይችላል የሚል ቃል ተጽፎበታል። የሚቀንሰው ምኑ ነው? ዳዊቱ ነው? እኔን ነው የሚረሳኝ? ወይስ ራሱን?

ሐኪም፦ የኔታ፥ ይህን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲይዘው አይተውታል? መሬት ላይ ይወድቃል?

መሪጌታ፦ እንደ ሌሎቹ አይወድቅም፤ እኛንም ለብዙ ዘመን ያሳሳተን ይኸው ነው። ባለፈው የኅዳር ጽዮን ዕለት መቋሚያውን ተደግፎ ሲዘም በዜማው መካከል ድንገት ዝም አለ። ዐይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀረ፤ ከንፈሩን ጡት እንደ ለመደ ሕፃን ይመጠምጥ ጀመር፤ በግራ እጁም የነጠላውን ጥለት ደጋግሞ ይነካካ ነበር። ስሙን ብጠራው አልመለሰልኝም። ኋላ ነቃ፤ ዳሩ ግን ለብዙ ደቂቃ ቃል አጣ፤ መቋሚያውን አንሥቼ ‹‹ይህ ምንድን ነው?›› ብለው እያየው፥ እያወቀው፥ ስሙን መጥራት ተሳነው። ደዌው ሊይዘው ሲል ከሆዱ ወደ ላይ የሚወጣ አንዳች ነገር እንደሚሰማው ነግሮኛል። ሀገር ቤት ሳለ ይህ ሲመጣበት ክብሪት ጭረው ያሸቱት ነበር፤ ጋኔን ነው ያሉም አልታጡ። እኔም ጠበል ይዤው ወጥቻለሁ፥ ስለዚያም አልጸጸትም፤ ሐኪሙም ጠበሉም ከአንዱ ፈጣሪ ናቸውና።

ሐኪም፦ ያዩት ሁሉ ስለ ደዌው ስፍራ የሚመሰክር ነው፤ በተለይም ከነቃ በኋላ ቃል ማጣቱ፥ ደዌው የሚነሣው ቋንቋ ካለበት ወገን፥ ይኸውም በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከግራው፥ መሆኑን ያመለክታል። በዚያ ከጆሮ በላይ በውስጥ ባለው የአንጎል ክፍል ጥልቅ ሂፖካምፐስ የሚባል፥ የትንሽ ጣት ያህል ርዝመት ያለው የተጠማዘዘ አካል አለ፤ መድኃኒት የማያቆመው የሚጥል በሽታ አብዝቶ የሚነሣው ከዚህ ጎረቤት ነው። መከራው ደግሞ ይኸው ሂፖካምፐስ፥ ሰው ዛሬ የሰማውን ለነገ እንዲያቆይ የሚያደርገው አካል መሆኑ ነው። ስለዚህ ደዌውና ትዝታው አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ አንዱን ለማስወጣት የሚገባ ቢላዋ ሌላውን ሳይነካ መውጣቱ ያስጨንቃል።

መሪጌታ፦ መድኃኒቱ ቢጨመርለትስ? ሦስት ዐይነት ይወስዳል፤ አራተኛ የለም?

ሐኪም፦ አለ እንጂ፤ ዳሩ ግን በሚገባ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ካላቆሙት፥ የሚቀጥለው የሚያቆምበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ከሚጥል በሽታ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ በዚህ ክፍል ይገኛሉ። ከመድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ ፊኖባርቢታልና ቶፒራሜት፥ ራሳቸው ልብን ያፈዛሉ፥ ቃልንም ከአፍ ያርቃሉ። ቀዶ ጥገናውን ትተን መድኃኒት ብንጨምር ትዝታው ሳይነካ ይኖራል ብለው እንዳያስቡ ነው ይህን የምነግርዎ። ስለ ቢላዋው የምናውቀውን ግን የምናውቀው ከአንድ ሰው መከራ የተነሣ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ልተርክልዎ።

መሪጌታ፦ ተርኪልኝ፤ ጊዜ አለን።

ሐኪም፦ ሰውየው ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1926 በኮኔቲከት ግዛት ተወለደ። ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ትንንሹ፥ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ አካልን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠው ደዌ ይይዘው ነበር፤ 27 ዓመት ሲሞላው ብዙ መድኃኒት እየወሰደም ሥራ መሥራት የማይችል ሆነ። በ1953 በሃርትፎርድ ከተማ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ከሁለቱ ዐይኖቹ በላይ ግንባሩን በስቶ፥ የፊተኛውን አንጎል ቀና አድርጎ፥ በግራም በቀኝም ያለውን የሂፖካምፐስ ብዙ ክፍል በዙሪያው ካለው ጋር በመምጠጫ ቧንቧ አወጣ። ደዌው በእውነት ቀነሰለት። ነገር ግን ከዚያች ቀን ወዲህ የሆነውን ሁሉ መያዝ አልቻለም። በ1955 ‹‹ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው?›› ሲሉት 1953 ነው አለ፤ ዕድሜውንም 27 ነው አለ።

መሪጌታ፦ አእምሮው ነው የጠፋ?

ሐኪም፦ አስደናቂው ነገር ይህ ነው፥ የኔታ፤ አእምሮው አልጠፋም። በማስተዋል ፈተና ከበፊቱ አልወረደም፤ ጨዋታው፥ ትሕትናው፥ የልጅነት ትዝታው ከእሱ ጋር ነበረ። ከሞንትሪያል እየተመላለሰች የመረመረችው ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ሊቅ አንድ ጊዜ 584 የሚለውን ቍጥር እንዲይዝ ነገረችው። ሄንሪ ቍጥሮቹን ሲደምር፥ ሲቀንስ፥ ሲከፍል፥ አንዱን በሌላው ሲያስር ለሩብ ሰዓት ያህል ያዘው፤ ስትጠይቀውም በትክክል መለሰላት። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ዘወር ባለ በደቂቃ ውስጥ ቍጥሩ ብቻ ሳይሆን ቍጥር ያዝ መባሉም ከልቡ ጠፍቶ ነበር።

መሪጌታ፦ በልቡ ላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረም እንግዲህ፤ በአፉ እየመላለሰ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚኖር።

ሐኪም፦ እንዲያ ነው። ሌላም አለ፥ ይህንንም በተለይ ለዲያቆኑ ሲሉ ይስሙኝ። ሚልነር በወረቀት ላይ ድርብ መስመር ያለው ኮከብ ሥላ፥ እጁን ጋርዳ፥ ኮከቡን በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲሄድ አደረገችው። በመስተዋት ሁሉ ነገር ስለሚገለበጥ ማንም ሰው በመጀመሪያ እጁ ይስታል። ሄንሪ በተከታታይ ቀናት ስሕተቱ እየቀነሰ፥ እጁ እየቀና መጣ፤ በየቀኑ ግን ይህን ሥራ ፈጽሞ ሠርቼ አላውቅም ይል ነበር። እጁ ተምሯል፤ መማሩን ግን እሱ አያውቅም። በዚህም ሊቃውንቱ፥ ቃልንና ነገርን የሚይዘው ትዝታ አንድ፥ አካል የሚለምደው ጥበብ ሌላ እንደ ሆነ፥ ማደሪያቸውም የተለያየ እንደ ሆነ ተረዱ።

መሪጌታ፦ ዝማሜው ከእጁና ከእግሩ አይጠፋም ማለትሽ ነው።

ሐኪም፦ መቋሚያው፥ ጸናጽሉ፥ የከበሮው አመታት ሁሉ በሌላ ስፍራ ስለሚያድር ይህ ቀዶ ጥገና አይነካውም። ከብዙ ዓመት በፊት የደገመው ዳዊትም እንዲሁ ነው፤ የቈየ ነገር በአንጎል ሁሉ ላይ ተበትኖ ስለሚጸና፥ ከአንዱ ወገን የተቈረጠ ጥቂት ክፍል አይወስደውም። እርስዎን አይረሳም፤ ራሱንም አይረሳም።

መሪጌታ፦ ለዚያ ለሄንሪ ግን ይህን ያደረጉት ፈቅዶ ነው?

ሐኪም፦ እሱም ወላጆቹም ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን ምን እንደሚሆን ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ስላላወቀ፥ ያ መስማማት የዕውር መስማማት ነበረ ብዬ አምናለሁ። ስኮቪል ግን ያየውን አልሸሸገም፤ በ1957 ከሚልነር ጋር በአንድነት ጽፎ በሁለቱም ወገን እንዳይቈረጥ ሌሎችን አስጠነቀቀ። ሄንሪ ከዚያ በኋላ 55 ዓመት ኖሮ በ2008 በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወት ሳለ በመጻሕፍት ሁሉ የሚታወቀው በስሙ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር፤ ሙሉ ስሙ የተነገረው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚጥል በሽታ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ሁሉ በእሱ ዕዳ ውስጥ ነው።

መሪጌታ፦ ነፍሱን በገነት ያኑርልን። ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ተዪልኝ፥ በጸሎት አስበዋለሁ። ለልጄስ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚቈርጡለት፤ ይህ አደጋ አያገኘውም እንግዲህ።

ሐኪም፦ እንዲህ ብዬ ባሳርፍዎ ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በሞንትሪያል ዊልደር ፔንፊልድ የተባለው ታላቅ ቀዶ ሐኪም ለአንድ መሐንዲስ በ1951 ከግራው ወገን ብቻ ሂፖካምፐሱን ቢያወጣለት፥ መሐንዲሱ እንደ ሄንሪ አዲስ ነገር መያዝ የማይችል ሆነ። አንዱ ወገን ሳለ ይህ እንዴት ሆነ ብለው ፔንፊልድና ሚልነር ሲመረምሩ፥ በቀኝ ያለውም ቀድሞውኑ በደዌ የሞተ መሆን አለበት ብለው ገመቱ። መሐንዲሱ በ1964 ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ፤ በ1974 በወጣው ጽሑፍም ቀኙ ሂፖካምፐስ ጠውልጎ እንደ ነበር ታወቀ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ፥ የሚቈረጠውን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውን መመርመር ግድ ሆነ። ጁን ዋዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ባወጣው ዘዴ፥ በአንገት ደም ሥር በኩል መድኃኒት ሰጥቶ አንዱን የአንጎል ወገን ለጥቂት ደቂቃ ማስተኛትና ሌላው ብቻውን ይናገር፥ ይይዝ እንደ ሆነ መፈተን ይቻላል፤ ዛሬ ኤም አር አይ የተባለው የምስል ምርመራ ብዙውን ሥራ ቢተካውም፥ ነገሩ ሲያጠራጥር ወደዚያው ይመለሳሉ። የዲያቆኑ ቀኙ ደኅና መሆኑ ተረጋግጧል ወይ ብለው መጠየቅ ይገባዎታል።

መሪጌታ፦ እጠይቃለሁ። ቀኙ ደኅና ነው ብንል ግን፥ ግራው ሲቈረጥ የሚቀንሰው ምንድን ነው? አሁንም አልነገርሽኝም።

ሐኪም፦ የሚቀንሰው በቃል የመጣ አዲስ ነገርን ይዞ ማቈየት ነው። ግራው ለቃል፥ ቀኙ ለመልክና ለስፍራ ያደላል። በ2011 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ የወጣ ሥራ እንደሚያሳየው፥ በግራ ከተቈረጠላቸው ሰዎች ከመቶ 44 ያህሉ የቃል ትዝታቸው ሲቀንስ፥ በቀኝ ከተቈረጠላቸው ግን ከመቶ 20 ያህሉ ነው። በግራ ከተቈረጠላቸው ከመቶ 34 ያህሉ ደግሞ የነገርን ስም ፈጥኖ መጥራት ይከብዳቸዋል፤ መቋሚያውን እያየ እንደ ጠፋበት ማለት ነው፥ ምንም እንኳ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣው የሚቀልና ዕለት ተዕለት የሚሆን ቢሆንም።

መሪጌታ፦ በቃል የመጣ አዲስ ነገር አልሽ። መወድሱን አንድ ጊዜ ሰምቶ እስከ ማታ የሚያቈየው፥ ያ ነው እንግዲህ የሚነካበት።

ሐኪም፦ አዎን፥ የኔታ፤ ያ ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፥ ቅኔ ሁለተኛ አይባልም። ባለቅኔው ዛሬ ያበረከተውን ነገ አይደግመውም፤ የሰማ ካልያዘው እንደ ጠፋ ይቀራል። ተማሪ ቤት ሳለን የኔታችን ማታ የዘረፉልንን ጠዋት መልሰን ካላሰማን ጉባኤው ውስጥ ፊት አልነበረንም። የዚህ ልጅ ክብሩ፥ እንጀራውም ጭምር፥ በዚህ ላይ ነው። ዳዊቱ ቀርቶለት ይህ ከሄደበት፥ ሙዚየም ሆነ እንጂ ሊቅ አልሆነም።

ሐኪም፦ ስለዚህ ነው እያንዳንዱ ሕመምተኛ በምን ትዝታ እንደሚኖር መታወቅ አለበት የምለው። የእንጨት ሥራ የሚሠራ ሰው ከመቶ አምስት ቃል ቢጠፋበት ላይሰማው ይችላል። አስተማሪ፥ ጠበቃ፥ ካህን ግን በዚያ ይተዳደራል። በ2001 በካናዳ 80 ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው ለግማሾቹ ቀዶ ጥገና፥ ለግማሾቹ መድኃኒት ብቻ የሰጡበት ጥናት አለ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ንቃተ ልቡናን ከሚነሣው ደዌ ነፃ የሆኑት በቀዶ ጥገናው ወገን ከመቶ 58፥ በመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 8 ነበሩ። በመድኃኒት ብቻ ከቈዩት አንድ ሰው በዚያው ዓመት ሞተ። በቀዶ ጥገናው ወገን ደግሞ ሁለት ሰዎች የቃል ትዝታቸው ቀንሶ ሥራቸውን አወከባቸው። ሁለቱንም ያነሣሁት እኩል መመዘን ስላለባቸው ነው።

መሪጌታ፦ ሞተ ያልሽው በደዌው ነው?

ሐኪም፦ የሚጥል በሽታ ካልቆመ፥ በእንቅልፍ ሳሉ ድንገት የሚሞቱ አሉ፤ ይህን ለቤተ ሰብ መንገር ይከብደናል፥ መደበቅ ግን በደል ነው። መኪና መንዳት መከልከሉን፥ ብቻውን ገላውን መታጠብ መፍራቱን፥ ትዳር ማዘግየቱን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ትዝታውም ቢሆን ደዌው ለብዙ ዓመት ሲመላለስበት ሳይቈረጥ እየሳሳ ሊሄድ ይችላል፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ደዌው ፈጽሞ ከለቀቃቸው ሰዎች ደግሞ ትዝታቸው የጸና፥ ጥቂቶቹም የተሻለላቸው አሉ። ተቈርጦ ደዌው ሳይተወው የቀረ ግን በሁለቱም ወገን ይከስራል፤ የምፈራለት ይህንን ነው።

መሪጌታ፦ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ የለም?

ሐኪም፦ በከፊል አለ፥ ነገሩም ከተጠበቀው ተቃራኒ ይመስላል። ኤም አር አይው ግራው ሂፖካምፐስ ጠባሳ ይዞ የጠወለገ መሆኑን ካሳየ፥ የሚያወጡት ሥራውን አስቀድሞ የተወ አካል ስለ ሆነ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ሂፖካምፐሱ ደኅና መስሎ ከታየና ሰውየው በፈተና የቃል ትዝታው ብርቱ ሆኖ ከተገኘ ግን፥ ያ አካል እየሠራ ነው ማለት ነው፥ ሲወጣም የሚጐድለው ብዙ ይሆናል። ብዙ ያለው ብዙ ያጣል። ዕድሜም ያከብደዋል፤ ወጣት ሲሆን አንጎል የሌላውን ሥራ ለመውረስ ይቀለዋል። እንዲያም ሆኖ ቈርጦ ማውጣት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሂፖካምፐሱንና አሚግዳላ የሚባለውን ጎረቤቱን ብቻ ለይቶ ማውጣት፥ ወይም በቀጭን የጨረር ዘንግ ገብቶ በሙቀት ማቃጠል አለ። ይህ የኋለኛው የነገርን ስም ለመጥራት ያለውን ችሎታ ይበልጥ እንደሚያድን ታይቷል፤ ደዌውን የማቆም ኀይሉ ግን ከቈረጣው ጥቂት ያንሳል።

መሪጌታ፦ ፈተናውን እንዴት ነው የሚፈትኑት?

ሐኪም፦ እዚህ ላይ ነው እኔ የምጨነቀው፥ የኔታ። ዐሥራ አምስት የማይገናኙ ቃላት አምስት ጊዜ ያነቡለታል፥ በየጊዜውም የያዘውን ይጠይቁታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሳያነቡለት ይጠይቁታል። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መለኪያውም የተሠራው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። ዲያቆኑ እንግሊዝኛውን የተማረው ካደገ በኋላ ነው። በቋንቋው ድካም የተነሣ ከዐሥራ አምስቱ ስድስት ብቻ ቢይዝ፥ ፈታኞቹ ‹‹የግራው ወገን ቀድሞውኑ ደክሟል፥ ብንቈርጠው የሚጐድልበት የለም›› ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ እርስዎ ግን በአንድ መስማት መወድስ የሚይዝ ሰው መሆኑን ያውቃሉ።

መሪጌታ፦ ይህስ የሐሰት ምስክር ነው!

ሐኪም፦ ተንኰል የለበትም፥ ውጤቱ ግን እንደዚያ ነው። በአማርኛ ተፈትኖ ዐሥራ አምስቱን ሁሉ ቢይዝስ? ያም ቢሆን መለኪያው ዐሥራ አምስት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንዳለው አይናገርም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወደ ዐሥራ አንድ ቢወርድ፥ ወረቀቱ እንደ ማንኛውም ሰው ጤናማ ነው ይለዋል፤ ልጁ ግን ከሊቅነት ወርዷል፥ ኪሳራውን የሚያየው እሱና እርስዎ ብቻ ናችሁ። እኔ ባልደረቦቼን አልወቅስም፤ ስለ ቅኔ ማንም አልነገራቸውም።

መሪጌታ፦ አንቺ ብትሆኚ ቍረጡት ትያለሽ?

ሐኪም፦ ግራው ጠውልጎ፥ ቀኙ ጸንቶ፥ ደዌውም ከዚያው ብቻ እንደሚነሣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ በኢኢጂ ከተረጋገጠ፥ አዎን እላለሁ፥ ስፈራም እላለሁ፤ በወር አራት ጊዜ በማኅሌት መካከል የሚጠፋ ሰው የሰማውን መወድስም እንደሚያጣ አስባለሁና። ግራው ደኅና ሆኖ ከታየ ግን ጨረሩን ወይም ሌላ መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የመጨረሻው ቃል ግን የዲያቆኑ ነው፤ የእኔም፥ ይቅር ይበሉኝና፥ የእርስዎም አይደለም።

መሪጌታ፦ እሱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ራሱን አያመሰግንም፤ ‹‹ምን ትሠራለህ?›› ሲሉት ‹‹ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ›› ብሎ ዝም ይላል።

ሐኪም፦ እንግዲያውስ እርስዎ አብረውት ይግቡ። አማርኛ የሚችል ፈታኝ፥ ባይገኝም ቃል በቃል የሚተረጕም የታመነ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሥጋ ዘመድ ሆነው እርስዎ አስተርጓሚ መሆን አይችሉም፥ ፍቅር ፈተናን ያበላሻልና። ነገር ግን ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ፈታኟ ዘመድን ትጠይቃለች፤ ያን ጊዜ መወድስ ምን እንደ ሆነ፥ ስንት ጊዜ ሰምቶ እንደሚይዘው፥ ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚያመልጠው ቤት እንዳለ ወይም እንደሌለ ይንገሯት።

መሪጌታ፦ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ አልፎ አልፎ የመጨረሻውን ቤት ይስታል፤ እኔ ድካም ነው ብዬ ነበር።

ሐኪም፦ ይህንንም ይንገሯት፥ የኔታ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ይህ ነው።